ወደ ግራ የምታየዋ ጎዲር

አክስቴ ኤዶ ሮዳ ግመሏ ጎዲር መጥፋቷን በስልክ ስትነግረኝ፣ እኔ ቡርኦ ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት በር ላይ ቆሜ የዚያችኑ የጎዲርን ፎቶ እያየሁ ነበር።

ፎቶው አምሮ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከማማሩ ስለሆነ ነው። የወተት ነጋዴ ሴቶች ማኅበር ለመጪው ዓመት ካላንደር ሊያሳትም አስቦ አሥራ ሁለት የግመል ፎቶ እንዳነሳለት ጠይቆኝ ነበር። ኮሌጅ የተማርኩት የእንስሳት እርባታ ነው፤ ፎቶ ማንሳት ግን ያስተማረኝ ስልኬ ነው። አሥራ አንዱን ከየሰፈሩ ሰበሰብኩና ለመጀመሪያው ወር ገጽ ጎዲርን መረጥኩ። ጎዲር የአባቴ እህት የኤዶ ሮዳ ግመል ናት፤ ኤዶ የምንለው የአባትን እህት ነው። ስሟ አጋዘን ማለት ነው፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትራመድ ያየ ሰው ስሙን ከየት አመጣችሁት ብሎ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ያነሳሁት ፎቶ ግን የሚያስጠላ ነበር። ያነሳሁት ኤል ጌል በምትባለው የውሃ ጉድጓዳችን አጠገብ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ነው። ፊቴን ወደ ፀሐይ አዙሬ ስለነበር ግመሏ ጥቁር ጥላ ሆና ወጣች። እግሯ ሥር ቢጫ ጀሪካን ተጋድሟል። እሾሁ ላይ ሰማያዊ ፌስታል ተሰቅሎ ይውለበለባል። ከበስተኋላ ደግሞ እናትና ልጅ የምንላቸው ሁለት ኮረብቶች አሉ፤ ትንሿ ኮረብታ ልጅቱ ልክ ከጎዲር ወገብ በላይ ብቅ ብላ ሁለተኛ ሻኛ ያበቀለች አስመስላታለች። ፎቶውን ሀርጌሳ ለምትኖረው እህቴ ለሚልጎ ላክሁላት።

«ጀሪካኑ ቆንጆ ነው» ብላ መለሰችልኝ። «ከጎኑ የቆመው እንስሳ ምንድን ነው?»

ሦስት ቀን ሠራሁበት። ጥላውን ቀስ በቀስ አበራሁት፤ የአሸዋ ቀለም ያለው ቆዳዋ ወጣ፣ ሽፋሽፍቷ ወጣ፣ አንገቷ ላይ በብረት የተተኮሰው የወገናችን ምልክትም ጥርት ብሎ ወጣ። ጀሪካኑን ቆርጬ አስቀረሁት። ፌስታሉን በጣቴ አጠፋሁት። ኮረብቶቹን ጉም እስኪመስሉ አደበዘዝኳቸው። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ጎዲር የምታየው ወደ ግራ ነው። በካላንደሩ ገጽ ላይ ፎቶው በግራ፣ ቀናቱ በቀኝ ናቸው፤ ስለዚህ ለቀናቱ ጀርባዋን ሰጥታ ከወረቀቱ ልትወጣ የምትሄድ ትመስላለች። እንስሳ በፎቶ ውስጥ ወደሚያይበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ያንን ካጣ አፍንጫው ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ይመስላል። መፍትሔው አንዲት ቁልፍ መንካት ነበር። መስታወት እንደሚያሳየው አድርጌ ገለበጥኩት፤ ጎዲር ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀናቱ ተመለከተች። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ፎቶ አጠፋሁት።

ማተሚያ ቤቱ የናሙናውን ቅጂ ሰጥቶኝ እያገላበጥኩ ሳለ ነው ኤዶ የደወለችው።

«ቡልሃን» አለች፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ጎዲር ከጠፋች አምስት ቀኗ።»

«የት ሄደች?»

«የት እንደሄደች ባውቅ አንተ ጋ እደውላለሁ? ሄጄ አመጣታለሁ እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጉድጓዱ ላይ ሦስት መንጋ ባንድ ላይ ውሃ ሲጠጣ የአቧራ አውሎ ተነሳ። አንዱ መንጋ ከሩቅ መጥቶ ወደ ሩቅ የሚያልፍ ነበር። አቧራው ሲገለጥ ያ መንጋ ሄዷል፤ ጎዲርም የለችም። ግልገሏ ገና የአንድ ወር ነው፤ በረት ውስጥ ቀርቷል።

«የጎረቤት ግመል ወተት በጠርሙስ እየሰጠሁት ነው» አለች ኤዶ። «ይጠጣል። ግን ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ያልተጠባች ግመል ደግሞ ስንት ቀን ወተት ትይዛለች? አንተ ተምረሃል፣ ንገረኝ እስቲ።»

ስንት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ አይደለም። ኤዶ የምታልባት ግመል ጎዲር ብቻ ናት። የሷ ወተት ከደረቀ ግልገሉም ይሞታል፣ ኤዶም ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ታያለች።

«ደግነቱ ወሬ አለ» አለች። «የሣር መኪና ሾፌር ነግሮኛል። ባን ዓዴ ሜዳ ላይ ሰማካብ የሚባሉ ሽማግሌ ከአላፊ መንጋ ተነጥላ የባዘነች ግመል ይዘናል ብለዋል አሉ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ግን ወደ ደቡብ ይነሳሉ። ና፣ አብረን እንሄዳለን።»

ካላንደሩን ጠቅልዬ ያዝኩና መንገድ ጀመርኩ።

በማግስቱ ሣር በጫነ መኪና ላይ ተቀምጠን ስንሄድ ኤዶ መንገዱን ሙሉ አስጠናችኝ። የባዘነ ግመል ያገኘ ሰው ከራሱ ግመሎች ጋር ያጠጣዋል፣ ያልበዋል፣ ወሬውንም ይለቃል። የኔ ነው የሚል ሰው ሲመጣ ግመሉን ከማየቱ በፊት ምልክቱን በአፉ ይናገራል። የሚናገረውም አንዴ ብቻ ነው። ከተሳሳተ ተሳሳተ፤ «ቆይ፣ ሌላ ልሞክር» የሚባል ነገር የለም። በሙከራማ ማንም ሰው የማንንም ግመል ይወስዳል።

«እኔ ነኝ የምናገረው» አለች ኤዶ። «አንተ ሰላምታ ሰጥተህ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ ተማሪ መስለህ ትቀመጣለህ።»

«ኤዶ፣ እኔ እኮ ከቃል የተሻለ ነገር ይዣለሁ።»

«ከቃል የተሻለ ምን አለ?» አለችና ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ከአቧራው ጋር ተኛች።

ባን ዓዴ ስንደርስ ቀኑ ገና ቀትር ነበር። አደር ሰማካብ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌን አደር፣ አጎቴ እንደማለት፣ ብለን ነው የምንጠራው። ጢማቸው በሂና ቀልቷል፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ነው ሰው የሚያዩት። የወንድማቸው ልጅ ጌሌ የኔ እኩያ ነው፤ ቴምርና በግመል ወተት የተፈላ ሻይ አቀረበልን። ግመሎቹ ግጦሽ ላይ ስለነበሩ በአካባቢው የሉም። ስለ ዝናብ ተጠያየቅን፣ ስለ ሣር ተጠያየቅን። ኤዶ ሻይዋን አንስታ ወደ አፏ ስታስጠጋ እኔ ካላንደሩን ዘረጋሁ።

ለምን ቸኮልኩ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ኤዶን ከጭንቀቷ ቶሎ ልገላግላት ፈልጌ ነው ብል እውነት ነው። ፎቶዬን ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው ብልም እውነት ነው።

አደር ሰማካብ ካላንደሩን ተቀብለው ከፊታቸው አራቁት። «ማሻአላህ!» አሉ። «ግመል ናት! እንዲህ ነው እንጂ ግመል!»

ጌሌ በትከሻቸው ላይ አጎንብሶ አየ። «ከሚስቴ ታምራለች።»

«አንተ ሚስት የት አለህ?»

«ለዚህ እኮ ነው!»

ሳቅን። ከዚያ ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አንገቷን ተመለከቱ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«የጠፋችባችሁ ይቺ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ አደር።»

«ሌላ አይደለችም?»

«እሷው ራሷ ናት።»

«ልጄ፣ ሦስተኛ እጠይቅሃለሁ። ይቺ ናት?»

«ወላሂ ናት» አልኩ።

ካላንደሩን በጥንቃቄ ጠቅልለው መለሱልኝ። «እንግዲያው አላህ ያገናኛችሁ። እኛ ጋ ያለችው ሌላ ናት።»

የኤዶ ስኒ አየር ላይ ቀረ።

«የናንተዪቱ ምልክቷ በቀኝ አንገቷ ነው» አሉ። «የሺርዋ ልጆች ግመል ናት። እኛ ጋ ያለችው በግራ የተተኮሰች ናት። እናንተ የማን ናችሁ?»

«የሮብሌ» አለች ኤዶ።

«የሮብሌ ልጆች የሺርዋን ግመል ፎቶ ይዘው የሮብሌን ግመል ይጠይቃሉ!» አለ ጌሌ። «ወንድማማቾቹ መንጋቸውን መልሰው ቀላቀሉት እንዴ?»

ሮብሌና ሺርዋ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። በዱሮ ዘመን መንጋቸውን ሲለያዩ የነበራቸው መተኮሻ ብረት አንድ ነበር፤ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ከላዩ አጭር ማቋረጫ ያለው። ሁለተኛ ብረት ከማሠራት ይልቅ ተስማሙ። የሮብሌ ልጆች በግመሉ አንገት ግራ፣ የሺርዋ ልጆች በቀኝ ይተኩሳሉ። ብረቱ ዛሬም አንድ ነው፤ ወገን የሚለየው በጎኑ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን በእኛ አገር አይገኝም። እኔም አውቀዋለሁ። ያቺን ቁልፍ ስነካ ግን የማየው ግመል አልነበረም፤ ፎቶ ነበር።

ኤዶ ካላንደሩን ከእጄ ነጠቀችና ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ቡልሃን። ግመሌን ምን አደረግካት?»

«ገለበጥኳት።»

«ምን አልክ?»

«ወደ ቀናቱ እንድታይ ብዬ… ለገጹ እንዲያምር…» ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ከፈትኩና ሁሉም እያዩ ቁልፏን ነካሁ። ጎዲር ወደ ግራ ዞረች። ደግሜ ነካሁ፤ ወደ ቀኝ ዞረች። «አያችሁ? ይኸው ነው። እውነተኛዋ ወደ ግራ የምታየዋ ናት።»

ጌሌ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እባክህ የኔንም አህያ ገልብጥና ግመል አድርግልኝ።»

አደር ሰማካብ ግን አልሳቁም። «ልጄ» አሉ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፤ «ግመሊቱን በአንድ ጣትህ ከሺርዋ ወደ ሮብሌ አሻገርካት። ደግሞ መልሰህ አሻገርካት። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግረኝ ማነው? አንተ። አንተ ደግሞ አሁን ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ሦስት ጊዜ ‹የቀኝዋ ናት› ብለኸኛል።»

«እኔ እኮ ገና አፌን አልከፈትኩም!» አለች ኤዶ።

«እሱ ከፈተልሽ እህቴ።»

«እሺ፣ ግመሎቹ ሲመጡ ልጥራት። ድምፄን ስትሰማ ትመጣለች፤ ያኔ ያዩታል።»

«አምና አንድ ሌባ እዚህ መጥቶ የሰው ግመል እያንጎራጎረ ጠርቶ ወሰደ» አሉ ሽማግሌው። «ግመሊቱም ጅራቷን እያወዛወዘች ተከተለችው። ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ እፍረቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ግመል ጥሩ ድምፅ ይወዳል፤ መውደድ ምስክር አይሆንም።»

ልከራከራቸው አልቻልኩም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የምለው። የያዙት የሰው አደራ ነው፤ ዛሬ አዝነው ቢሰጡን ነገ ሌላ የሮብሌ ልጅ መጥቶ «ግመሌን ለማን ሰጡብኝ?» ቢላቸው መልስ የላቸውም።

አደር ሰማካብ ትንሽ አሰቡ። «ነገ ጠዋት አጠጥተን እንነሳለን» አሉ። «ሴትዮዋ እንደማትዋሽ ከፊቷ አያለሁ። ግን ፊት አይቶ አይፈረድም። እስከ ጠዋት የማይገለበጥ ነገር አምጣልኝ።»

ከግራሩ ወጣ ብለን ቁጭ አልን። ኤዶ አልጮኸችብኝም፤ ቢያንስ ለትንሽ ጊዜ። የቴምር ፍሬ በጣቶቿ እያሸች ስለ ግልገሉ እያሰበች እንደሆነ አውቅ ነበር። እኔም የማይገለበጥ ነገር ምን እንደሆነ አሰብኩ። የግመሏ ጆሮ? ይገለበጣል። ጥላዋ? ይገለበጣል። ያሰብኩትን ሁሉ ያቺ ቁልፍ ትገለብጠዋለች።

«እኔ የሚገርመኝ» አለች ኤዶ በመጨረሻ ካላንደሩን እንደገና ዘርግታ፤ «ይህን ኤል ጌል ነው ያነሳሁት አላልከኝም?»

«ነው።»

«ታዲያ ኮረብቶቹ የታሉ? ኤል ጌል ቆሞ እናትና ልጅን ሳያይ የሚቀር ሰው አለ? ምንድን ነው ይሄ ጭስ?»

«አደበዘዝኳቸው። ልጅቱ ሻኛ መስላ…»

«ልጅቱ ሻኛ መሰለች! ቅድመ አያቴ ከሥሯ ተወልዳለች፣ አያቴ ከሥሯ ተወልዳለች፤ ቡልሃን ኮሌጅ ገባና ጉም አደረጋት! እናቲቱ በግራ፣ ልጅቱ በቀኝ፤ አላህ እንዲህ አስቀምጦ ከፈጠራት ጀምሮ ማንም ነክቷት አያውቅም። አንተ ግን…»

ተነሥቼ ቆምኩ። «ኤዶ፣ እንደገና በይው።»

«ምኑን? ስድቡን?»

«እናቲቱ በግራ፣ ልጅቱ በቀኝ።»

ከኤል ጌል ሆኖ ያያቸው ሰው ሁሉ ኮረብቶቹን እንዲሁ ነው የሚያውቃቸው። ፎቶው ከተገለበጠ ልጅቱ ወደ እናቷ ግራ ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ፎቶው እንደዋሸ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያውቃል። የማይገለበጥ ምስክር ነበረኝ፤ አላማረኝም ብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት። የመጀመሪያው ፎቶ ስልኬ ላይ የለም። አንድ ሰው ጋ ብቻ ሊኖር ይችላል።

ጌሌን ኔትዎርክ የት እንደሚገኝ ጠየቅሁት።

«ኩይሳው ላይ» አለኝ። «ግን ቀኝ እግርህን ከፍ ማድረግ አለብህ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ነው፤ ጫፉ ጠባብ ስለሆነ የምር የሚበቃው ለአንድ እግር ነው። ጌሌ ወገቤን ደግፎኝ ሚልጎን ደወልኩላት።

«ያን ጀሪካን ያለበትን ፎቶ አጠፋሽው?»

«አብደሃል እንዴ? መሥሪያ ቤት ሁሉን ሰው ያሳቅኩበት ፎቶ ነው።»

«ሚልጎ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።»

«ዛሬ ምን ነካህ? አመመህ?»

ፎቶው እየተቆራረጠ ለመውረድ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። እኔ ሲደክመኝ ጌሌ ወጣ፣ ጌሌ ሲደክመው እኔ ወጣሁ። ሲደርስ ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ከሩቅ የሚመለሱት ግመሎች አቧራ ይታያል። እንዳልቸኩል ለራሴ ነገርኩት። ፎቶውን ምንም ሳልነካ፣ እንዳለ፣ ለአደር ሰማካብ ሰጠኋቸው።

ነጠላቸውን በራሳቸውና በስልኩ ላይ ጣል አድርገው ከብርሃኑ ከለሉት። ከነጠላው ሥር ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት።

«ኤል ጌል» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የወጣት ድምፅ መሰለ። «ይኼ እንኳ ኤል ጌል ነው። ከአባቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያጠጣሁት እዚያ ነው። እናቲቱ ያችው። ልጅቱም በቀኟ፤ አርባ ዓመት አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰችም!» ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አደረጉ። «ግን ግመሊቱ ጥቁር ድንጋይ ናት። ምልክት የሚባል አይታየኝም።»

«ይታያል፣ አደር፤ ጥላ ውስጥ ነው ያለው። ላበራው እችላለሁ። ግን እኔ አልነካውም፤ እርስዎ ይንኩት።»

ጣታቸውን ያዝኩና ብርሃን የሚጨምረው መስመር ላይ አኖርኩት። ብዙ ግመል ያሰረ፣ የጠነከረ ጣት ነው፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ እምቢ አለው። በሦስተኛው መስመሩ ሄደ። ቀስ በቀስ የጎዲር ጎን ከጨለማው ወጣ፤ መጀመሪያ ሆዷ፣ ከዚያ ደረቷ። ሽማግሌው ጣታቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ቆም ይሉና ኮረብቶቹን ይመለከታሉ።

«ቦታቸው ናቸው?» ይላሉ።

«ቦታቸው ናቸው» ይላል ጌሌ።

አንገቷ ሲበራ ምልክቱ ወጣ፤ ቀጥ ያለው መስመር፣ ከላዩ ማቋረጫው። አንገቷ ላይ በግራ፣ ኮረብቶቹም በቦታቸው።

አደር ሰማካብ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ምልክቱን ያጣመመው የልጁ ጣት ነው፤ የሴትዮዋ አፍ ግን ገና አልተናገረም» አሉ። «አሁን ትናገር። ፎቶ የማያየውን ንገሪኝ እህቴ።»

ኤዶ ሻርፗን አስተካከለች። ሙሉ ቀን የጠበቀችው ይህን ነበር። «የኋላ ቀኝ ጡቷ ይዘገያል» አለች። «ሦስቱ ሲወርዱ እሱ ዝም ይላል። ስትተዪውና ለመነሣት ስትይ ያን ጊዜ ይለቃል፤ እግርሽ ላይ።»

«ወላሂ እውነት ነው!» ብሎ ጌሌ ዘለለ። «አምስት ቀን ሙሉ ሱሪዬን ስታበላሽ የከረመችው ለካ ተንኮል ሳይሆን ጠባይዋ ነው!»

ሽማግሌው አሁን ሳቁ፤ ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ወተቷም አልደረቀም» አሉ። «ይሄ ሰነፍ ጠዋትና ማታ አልቧታል። ግመላችሁን ውሰዱ።»

ግመሎቹ ደረሱ። ኤዶ እንኳን ልታንጎራጉር ስሟንም አልጠራችም፤ «የት ነበርሽ አንቺ ባለጌ?» ነው ያለቻት፣ ልክ ገበያ ቆይታ የመጣች ልጅ እንደሚሰድቡ። ጎዲር ከመንጋው መሐል አንገቷን አወጣችና ያን የአጋዘን አረማመዷን እየተራመደች መጣች።

ግልገሉ የሆነውን ብዙ አላወራም። በማግስቱ ጎዲርን በሣር መኪናው ጭነን ኤል ጌል ስንደርስ፣ እሱ ከበረቱ ውስጥ ሆኖ መኪናው ሳይቆም ሽታዋን አወቀ። በሩን የከፈተለት ሰው የለም፤ በአጥሩ ወጣ።

ፎቶውን እንደገና ያነሳሁት ከሁለት ቀን በኋላ፣ በጠዋት ነው። በጠዋት ፀሐይ ከጀርባዬ ትሆናለች፤ ጎዲርም ወደ ግጦሽ ስትወጣ ወደ ግራ ነው የምትሄደው፤ ግራ ጎኗ ምልክቱን ጨምሮ ብርሃን ይጠጣል። ሦስት ቀን በስልክ ላይ የታገልኩት ጥላ ሰዓት በመቀየር ብቻ ጠፋ። ጀሪካኑን በእጄ አንስቼ ወደ ቤት ወሰድኩት። ፌስታሉን ከእሾሁ አላቀቅሁት፤ ጣቴን ወጋኝ። ልጅቱ ሻኛ እንዳትሆን ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩና ተንበረከክሁ፤ ኮረብቶቹ ከጎዲር ጀርባ ወጥተው ለብቻቸው ቆሙ፤ እናቲቱ በግራ፣ ልጅቱ በቀኝ። ግልገሉን ከእናቱ ጋር አሳምሬ ላስገባው ሞክሬ ነበር። እሱ ግን ጡቱን ትቶ ፊቱን ሊያሳየኝ ፈቃደኛ ስላልሆነ በፎቶው ውስጥ ያለው ከወገቡ በታች ነው።

ከዚያ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆረጥኩ፣ ሰማዩን ትንሽ አጠቆርኩት፣ የዓይኗን ብርሃን ትንሽ አነሳሁ። ከያንዳንዱ በኋላ፣ እንደ አደር ሰማካብ፣ ኮረብቶቹን አየሁ።

ኤዶ ከትከሻዬ ላይ ሆና ተመለከተች። «አሁን ግመሌ ናት» አለች። «ያቺኛዋም ቆንጆ ነበረች። ግን የማውቃት አልነበረችም።»

ቡርኦ ተመልሼ ማተሚያ ቤቱ ገባሁ። «የመጀመሪያውን ገጽ ቀናት ወደ ግራ አዙርልኝ፣ ፎቶውን ወደ ቀኝ» አልኩት አታሚውን። «ግመሏ ወደ ቀናቱ ማየት አለባት።»

«ግመሏን ገልብጣታ! አንድ ቁልፍ ነው።»

«ግመሏ አትገለበጥም። ቀናቱ ይዙሩ።»

«የቀሩት አሥራ አንዱ ገጾች ቀናታቸው በቀኝ ነው። አንዱ ብቻ ሊለይ?»

ስለዚያም ቢሆን የምነግረው ነገር ነበረኝ። ወደ እሱ ከመምጣቴ በፊት አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አይቻቸው ነበር፤ ከእነሱ መሐል አራቱን ለማሳመር ብዬ ገልብጫለሁ። አራት ባለቤቶች፣ አራት ግመሎች፣ ሁሉም በእኔ አምነው ግመላቸውን ያስነሱ። ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ። «አምስት ነው የሚለየው» አልኩት። አታሚው ግንባሩን ያዘ፤ ሻይ ጋበዝኩት፤ ሠራው።

ካላንደሩ ሲወጣ አንድ ቅጂ በሣር መኪናው ሾፌር እጅ ለአደር ሰማካብ ላክሁ። ከሦስት ወር በኋላ ጌሌ ደወለልኝ፤ እያለከለከ ነው የሚያወራው፣ አንድ እግሩ ላይ ቆሞ መሆን አለበት።

«ሽማግሌው አሁንም የመጀመሪያውን ወር አላነሱም» አለኝ። «ሰው ቀኑን ሲጠይቃቸው እኔን ይጠይቁኛል። ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ይዘው ኮረብቶቹን ያያሉ። በሚመጣው ዝናብ ኤል ጌል ወርደን እናጠጣለን ብለዋል፤ የሳቸውንም ግመል እንድታነሳላቸው።»

«ደስ ይለኛል። ምልክቷ በየትኛው ጎን ነው?»

«በቀኝ» አለና ሳቀ። «እንግዲህ የት እንደምትቆም እወቅ። የኔን አህያ ግን እንደፈለግክ አድርጋት።»